ሶኬቱን የያዘው ጎረቤት

ዛሬ የያዝኩት ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ያንብብ፤ ጊዜ የሌለው ሴቭ አድርጎ ማታ ይመለስበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈልኝ። "ቲቸር፣ 11ኛ ክፍል እያለን ስለ ናጎርኖ ካራባኽ ሲነግሩን የሩሲያ ሰላም አስከባሪ ስለገባ ከእንግዲህ ማንም ማንንም አይነካም ብለውን ነበር። አሁን ሳነብ ግን አርመኖቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ለቀው ወጥተዋል ይላል። የቱ ነው ልክ?"

አንብቤ ትንሽ ዝም አልኩ። ልጁ ልክ ነው። ብዬ ነበር። ጊዜው ኮሮና ገባ ወጣ የሚልበት፣ ማስክ አድርገን በፈረቃ የምናስተምርበት ጊዜ ነበር። የራሳችን አገር ጦርነትም ገና መጀመሩ ስለነበር ስለ ሩቅ ካውካሰስ አጥብቆ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔም ዜናውን እንደ ሰማሁት አንስቼ፣ ሰሌዳው ላይ ካርታ ስዬ፣ "በቃ፣ ትልቁ ጎረቤት ገብቶበታል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል" ብዬ ወጣሁ። መምህር ሲሳሳት ስህተቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ የአርባና የሃምሳ ልጅ ደብተር ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ዛሬ ደብተራችሁን ላርም ነው የመጣሁት።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ "ስለ አርመን ምን አገባን?" ለምትሉ አንድ ነገር ላስታውስ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ሲሄዱ አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን አይተው ወደ አዲስ አበባ አምጥተዋቸዋል። "አርባ ልጆች" እየተባሉ የንጉሡ የሙዚቃ ባንድ ሆኑ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ እስከ 1974 የተዘመረውን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። ልጆቹ ወላጅ ያጡት በ1915 በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመኖች ላይ በደረሰው እልቂት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ሁሉ መክፈቻው እሱ ነው። አርመኖች "ከቱርክ የሚያድነኝ ማን ነው?" ብለው ሲጠይቁ መልሱ ለብዙ ዘመን አንድ ነበር፦ ሩሲያ።

*

ናጎርኖ ካራባኽ ተራራማ ቦታ ነው። "ናጎርኖ" የሚለው ቃል ራሱ ከሩሲያኛ የመጣ ሲሆን "ተራራማ" ማለት ነው። አርመኖች አርጻኽ ይሉታል። በሶቪየት ዘመን የነበረው ራስ ገዝ ክልል 4,400 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። በካርታ ላይ በአውራ ጣት ይሸፈናል። የሚኖሩበት በአብዛኛው አርመኖች፣ አናሳ ደግሞ አዘርባጃናውያን ነበሩ። ዙሪያውን ግን አዘርባጃን ነው።

ታዲያ በአርመኖች የተሞላ ተራራ እንዴት አዘርባጃን ውስጥ ሆነ?

በ1921 ቦልሼቪኮች ካውካሰስን ይዘው ድንበር ያካልሉ ነበር። ሐምሌ 4 ቀን የፓርቲው የካውካሰስ ቢሮ ተሰብስቦ ካራባኽ ለአርሜኒያ ይሰጥ ብሎ ወሰነ። በማግስቱ፣ ሐምሌ 5፣ ውሳኔውን ገለበጠና በሰፊ ራስ ገዝነት በአዘርባጃን ሥር ይቆይ አለ። ስታሊን ያኔ የብሔረሰቦች ጉዳይ ኮሚሳር ነበር፤ ስብሰባው ላይም ነበር። በ1923 ራስ ገዝ ክልሉ በይፋ ተቋቋመ። የታሪክ ጸሐፊዎች በአንድ ሌሊት ምን እንደተለወጠ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የማያከራክረው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ሁለቱ ወንድማማቾች በርስት ሲጣሉ ገመዱን ዘርግቶ የለካው ሦስተኛ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም አቤት ለማለት ወደ ሞስኮ መሄድ ግድ ሆነባቸው።

ሶቪየት ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ማንም አልተነቃነቀም። ጎርባቾቭ መጥቶ ክዳኑ ላላ ሲል፣ የካቲት 20 ቀን 1988 የካራባኽ ምክር ቤት "ከአርሜኒያ ጋር እንቀላቀል" ብሎ ድምፅ ሰጠ። ሳምንት ሳይቆይ ሱምጋይት በምትባል የአዘርባጃን ከተማ አርመኖች ቤታቸው ድረስ ተሄዶ ተገደሉ። ከአርሜኒያ አዘርባጃናውያን ተባረሩ፤ ከአዘርባጃን አርመኖች ተባረሩ። ጥር 1990 ባኩ ውስጥ በአርመኖች ላይ ግድያ ተፈጸመ፤ ከዚያ የሶቪየት ጦር ባኩ ገብቶ ከመቶ በላይ ሲቪል ገደለ። አዘርባጃን ያንን ቀን "ጥቁር ጥር" ብላ እስከ ዛሬ ታስበዋለች።

1991 ላይ ሶቪየት ፈረሰ፤ ጦርነቱ ለየለት። የካቲት 1992 ኾጃሊ በምትባል ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዘርባጃናውያን ሲቪሎች ከከተማዋ ሲሸሹ ተገደሉ፤ የአዘርባጃን መንግሥት ቁጥሩን 613 ይለዋል። አርመኖች አሸነፉ። ካራባኽን ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያሉ ሰባት የአዘርባጃን ወረዳዎችንም በሙሉ ወይም በከፊል ያዙ። ከእነዚያ ወረዳዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አዘርባጃናውያን ተፈናቅለው በድንኳን፣ በባቡር ፉርጎና በትምህርት ቤት ክፍሎች ኖሩ። በዚያ ጦርነት 30,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ይህን የምዘረዝረው አንዱን ወገን መልአክ አድርጎ ለማቅረብ ለሚቸኩል አንባቢ ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ያላለቀሰ ወገን የለም።

ሩሲያስ ያኔ የት ነበረች? ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1991 የጸደይ ወራት የሶቪየት ጦር ከአዘርባጃን ፖሊስ ጋር ሆኖ የአርመን መንደሮችን ያስለቅቅ ነበር፤ ምክንያቱም አርሜኒያ ከኅብረቱ ልውጣ እያለች ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ኾጃሊ ላይ የተሳተፈው ስቴፓናኬርት የነበረው የቀድሞው ሶቪየት ጦር 366ኛ ሬጅመንት ነው፤ ያውም በአርመኖች በኩል። በ1997 ጄኔራል ሮኽሊን የተባሉ የሩሲያ ዱማ አባል አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ መሣሪያ በድብቅ ለአርሜኒያ እንደተሰጠ አጋለጡ። ልብ በሉ፦ አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደዚህ። ያኔ ትርምስ ስለነበር ሁሉም በሞስኮ እቅድ ነበር ማለት አይቻልም። ውጤቱ ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር እንዲማሩ አደረገ፦ ትልቁ ጎረቤት በየትኛው በኩል እንደቆመ ሳታውቅ አትተኛም።

*

ግንቦት 1994 በሩሲያ አሸማጋይነት ተኩስ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለው 26 ዓመት ነው ፈረንጆቹ "የቀዘቀዘ ግጭት" የሚሉት። ጦርነትም የለም፣ ሰላምም የለም። እኛ ከ2000 እስከ 2018 ከኤርትራ ጋር ኖረንበታልና ጣዕሙን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ቆይ ግን፣ "የቀዘቀዘ" የሚለውን ቃል እንየው። ሥጋ ገዝታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከታችሁ አይበላሽም። ግን አልበሰለም። መብራት የሄደ ቀን ሽታው ይወጣል። አሁን ደግሞ ይህን ጨምሩበት፦ ፍሪጁ የሚሠራው ከጎረቤት ቆጣሪ በተሳበ መስመር ነው። ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሶኬቱ ያለው ጎረቤት ቤት ነው። ስለዚህ ሲያዝህ እሺ ትላለህ፣ ሲቆጣ ትለማመጣለህ፣ ሰርግ ሲኖረው ቀድመህ ትገኛለህ። እሱም ሥጋህ እንዲበላሽ አይፈልግም፤ አንተ የራስህን ቆጣሪ እንድታስገባ ግን ፈጽሞ አይፈልግም።

የካራባኽ 26 ዓመት ይህ ነው።

አርሜኒያን እንመልከት። በምዕራብ ቱርክ ከ1993 ጀምሮ ድንበሯን ዘጋች፤ በምሥራቅ አዘርባጃን ዘግታለች። የቀራት በሰሜን ጆርጂያ፣ በደቡብ ኢራን ብቻ ነው። ባሕር የላትም (ይህም ነገር ለእኛ ማብራሪያ አይፈልግም)። ስለዚህ ሩሲያ ላይ ተደገፈች። ጊዩምሪ ከተማ የሩሲያ የጦር ሰፈር አለ፤ በ2010 ውሉ እስከ 2044 ተራዘመ። ከቱርክና ከኢራን ጋር ያለውን ድንበር የሚጠብቁት የሩሲያ ድንበር ጠባቂዎች ነበሩ። የባቡር መስመሩን ከ2008 ጀምሮ የሩሲያ ምድር ባቡር በኮንሴሽን ያዘው። የጋዝ ማከፋፈያው በ2014 ሙሉ በሙሉ የጋዝፕሮም ሆነ። ሞስኮ በምትመራው የጋራ ደኅንነት ስምምነት ድርጅትም አባል ናት። ካራባኽን ይዛ ለመቆየት ስትል አርሜኒያ ራሷን ቀስ በቀስ በእዳ አስያዘች ብል ማጋነን አይሆንም።

አዘርባጃንስ? እሷ ነዳጅ አላት። በ2006 ከባኩ በጆርጂያ አድርጎ ቱርክ ጄይሃን የሚደርሰው የነዳጅ ቧንቧ ሥራ ጀመረ፤ ገንዘብ ጎረፈ። በገንዘቡ መሣሪያ ገዛች። ከማን? ከሩሲያ! ፕሬዚዳንት ኢልሃም አሊየቭ በ2013 ከሩሲያ ጋር ያላቸው የወታደራዊ ንግድ አራት ቢሊዮን ዶላር አካባቢ መድረሱን ራሳቸው ተናግረዋል። መቀመጫውን ስቶክሆልም ያደረገው የሰላም ጥናት ተቋም ባወጣው ስሌት መሠረት ከ2011 እስከ 2020 አርሜኒያ ካስገባችው ከባድ መሣሪያ 94 በመቶው፣ አዘርባጃን ካስገባችው ደግሞ 60 በመቶው የሩሲያ ነው። አንድ ነጋዴ ለሁለት ተደባዳቢዎች ዱላ ይሸጣል፤ ከዚያ መሃል ገብቶ "ተዉ እንጂ ልጆች" ይላል። ለአርሜኒያ የሚሸጠው በቅናሽና በብድር ነው፤ ለአዘርባጃን በገበያ ዋጋ። የሞስኮ ባለሥልጣናት "እኛ ባንሸጥ ሌላ ይሸጣል፤ ሚዛኑን እየጠበቅን ነው" ይሉ ነበር።

ሶኬቱ ምን እንደሚሠራ በደንብ የታየው በ2013 ነው። አርሜኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የንግድና የትብብር ስምምነት ለመፈረም ለዓመታት ስትደራደር ቆይታ ልትጨርስ ነው። ነሐሴ ላይ ፑቲን ባኩን ጎበኙ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ መስከረም 3 ቀን፣ የአርሜኒያው ፕሬዚዳንት ሰርዥ ሳርግስያን ሞስኮ ላይ ቆመው "ሩሲያ የምትመራውን የጉምሩክ ኅብረት እንቀላቀላለን" አሉ። የአውሮፓው ስምምነት በአንድ ቀን ቀረ። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ጎረቤትየው እጁን ወደ ሶኬቱ ዘርጋ ማድረጉ ብቻ በቃ።

አሁን እዚህ ጋ አንዳንዶቻችሁ "ይኸው፣ ሁሉም የውጭ እጅ ነው" ልትሉ ነው። አይደለም። ይህ ጽሑፍ ያንን ለማለት አልተጻፈም። ጠቡን ሩሲያ አልፈጠረችውም፤ የራሳቸው ነው። ሩሲያ ያደረገችው ጠቡ ሳይፈታ እንዲቆይ የሚያስችል ሁኔታ ማመቻቸት ነው። ሁለቱ ደግሞ ተመቻቸላቸው። በየሬቫን የካራባኽ ድል ፖለቲከኛን ቤተ መንግሥት የሚያስገባ ትኬት ሆነ። በባኩ የጠፋው መሬት ቁጭት የሥልጣን ማጽኛ ሆነ። ጎረቤቱ መስመር ቢሰጥም ፍሪጁን የገዙት እነሱ ናቸው።

እውነቱን የተናገረ ሰውም አልጠፋም። የአርሜኒያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሌቮን ቴር ፔትሮስያን ናቸው። ሰውየው የካራባኽ ንቅናቄ መሪ የነበሩ፣ ጦርነቱን ያሸነፈው መንግሥት መሪ ናቸው፤ ፈሪ ወይም ባንዳ የሚያሰኝ ታሪክ የላቸውም። በ1997 መጨረሻ ጽሑፍ አወጡ። ሐሳቡ በአጭሩ፦ አሁን አሸንፈናል፤ ጊዜ ግን ከእኛ ጋር አይደለም፤ ጠላታችን ነዳጅ አለው፤ ዓለም ይህን ሁኔታ ለዘላለም አይሸከመውም፤ በእጃችን ካርድ እያለ እንደራደር የሚል ነው። ምን አገኙ? ከሦስት ወር በኋላ፣ የካቲት 1998፣ በገዛ ሚኒስትሮቻቸው ግፊት ሥልጣን ለቀቁ።

ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ያመኛል። ያሸነፍክ ቀን "እንደራደር" ማለት ሞኝነት ይመስላል። የቀዘቀዘ ግጭት አደገኛነቱ ይህ ነው። በረዶው ሳይቀልጥ በቆየ ቁጥር ለያዘው ሰው ድል ይመስለዋል።

*

መስከረም 27 ቀን 2020 አዘርባጃን ሙሉ ጦርነት ከፈተች። 44 ቀን ፈጀ። የቱርክ ባይራክታር ድሮኖች፣ የእስራኤል ድሮኖች፣ የቱርክ ግልጽ ድጋፍ። አርመኖቹ የተቆፈሩበትን ተራራ ከሰማይ ለቀሙት። ሁለተኛ ኃያል ጎረቤት፣ ቱርክ፣ ገበታው ላይ ተቀመጠች ማለት ነው።

አርሜኒያ ወደ ሞስኮ ዞረች። ፑቲን መለሱ፦ ጦርነቱ የሚካሄደው በአርሜኒያ ግዛት ላይ ስላልሆነ የጋራ መከላከያ ግዴታችን አይመለከተውም። በሕግ ቋንቋ ልክ ነው። ካራባኽን ሩሲያ ቀርቶ አርሜኒያ ራሷም እንደ አገር በይፋ አላወቀችውም ነበር። ግን በዚያ ተራራ ላይ ላለ የ18 ዓመት ወታደር የሕግ ቋንቋ ምን ይሠራለታል? በ44 ቀን ውስጥ ከሁለቱም ወገን ከ6,000 በላይ ወታደር ሞተ።

ኅዳር 8 ሹሻ ወደቀች። ሹሻ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከእሷ ላይ ሆነህ የካራባኽን ዋና ከተማ ስቴፓናኬርትን ቁልቁል ታያለህ። ሁለት ሦስት ቀን ቢቀጥል ሁሉም ያልቅ ነበር። በማግስቱ አዘርባጃን የሩሲያ ሄሊኮፕተር በስህተት መታች፤ ሁለት ሰው ሞተ። በዚያው ሌሊት ሞስኮ ጦርነቱን አስቆመች። ስምምነቱ ምን ይላል? 1,960 የሩሲያ ሰላም አስከባሪ ለአምስት ዓመት ይገባል። ካራባኽን ከአርሜኒያ ጋር የምታገናኘዋን የላቺን ኮሪደር እነሱ ይጠብቃሉ። አዘርባጃንን ናኺቼቫን ከተባለው ግዛቷ ጋር የሚያገናኘውን መንገድ ደግሞ የሩሲያ ድንበር ጠባቂ ይቆጣጠራል።

ሩሲያ በ1994 ሰላም አስከባሪ ላስገባ ብላ ባኩ እምቢ ብላት ነበር። ከ26 ዓመት በኋላ የፈለገችውን አገኘች። በዚያች ሌሊት በጆርጂያ፣ በአርሜኒያና በአዘርባጃን፣ በሦስቱም የደቡብ ካውካሰስ አገሮች፣ ወታደር ያላት ሆነች። "ጉዳዩ ተዘግቷል" ብዬ ያስተማርኳችሁ ይህን ዜና ሰምቼ ነው። ሰላም አስከባሪው ሰላም ለማስከበር የመጣ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳየው የመጣው ሶኬቱን ለመያዝ ነው። የሁለቱን ልዩነት ያኔ ብጠይቅ ኖሮ፣ "ሶኬቱ የማያስፈልገው ቀን ቢመጣስ?" ብዬ እጠይቅ ነበር።

ቀኑ መጣ።

የካቲት 22 ቀን 2022 ፑቲንና አሊየቭ ሞስኮ ላይ "የአጋርነት" ሰነድ ፈረሙ። ከሁለት ቀን በኋላ ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። ከዚያ በኋላ ስሌቱ ሁሉ ተገለበጠ። ምዕራቡ በሩን ሲዘጋባት ሩሲያ ወደ ኢራንና ወደ ደቡብ የሚወስድ መንገድ ፈለገች፤ መንገዱ በአዘርባጃን ነው። ከቱርክ ጋር መጣላት አትችልም፤ ንግዷ በዚያ ነው። ጦሯ ዩክሬን ነው። በዚህ መሃል 120,000 ናቸው የሚባሉ አርመኖች ተራራ ላይ አሉ። ለሞስኮ ምን ይሰጧታል? ምንም።

አሊየቭ ይህን ቀድሞ አነበበው። መስከረም 2022 አዘርባጃን አርሜኒያን ራሷን፣ በዓለም የታወቀ ድንበሯን አልፋ መታች። አርሜኒያ ወደ ጋራ መከላከያው ድርጅት አቤት አለች። የመጣላት ጦር አይደለም፤ አጣሪ ቡድን ነው። ይህን ጊዜ "የአርሜኒያ ግዛት አይደለም" የሚለው ሰበብ እንኳ አልነበረም።

ታኅሣሥ 12 ቀን 2022 "የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች ነን" የሚሉ አዘርባጃናውያን የላቺንን መንገድ ዘጉ። የሩሲያ ወታደሮች አጠገባቸው ቆመው ያያሉ። ሚያዝያ 2023 አዘርባጃን ድልድዩ ላይ የራሷን ኬላ ሠራች። ወታደሮቹ አሁንም ያያሉ። ሰኔ ላይ ምግብና መድኃኒት ጭራሽ ማለፍ አቆመ። ሱቅ ባዶ ሆነ፤ ለዳቦ ሌሊት ሰልፍ ሆነ፤ ነዳጅ ስለሌለ ሰው በእግሩ መሄድ ጀመረ። ዘጠኝ ወር። የስምምነቱ ወረቀት ላይ መንገዱን የመጠበቅ ኃላፊነት የማን ነበር? ወደ ላይ ተመልሳችሁ አንብቡት።

መስከረም 19 ቀን 2023 አዘርባጃን ተኩስ ከፈተች፤ በ24 ሰዓት ውስጥ አበቃ። ካራባኽ እጅ ሰጠች። የሩሲያ ሰላም አስከባሪዎች ምክትል አዛዥ ራሳቸው ከሌሎች ወታደሮች ጋር በአዘርባጃን ተኩስ ተገደሉ፤ አሊየቭ ይቅርታ ጠየቁ፤ ሞስኮም ይቅርታውን ተቀበለች፤ አለቀ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተከፈተ፤ ለመውጫ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ100,000 በላይ አርመን በመኪና፣ በትራክተር፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ወጣ። ለጉዞው ነዳጅ ለመቅዳት የተሰለፉ ሰዎች መሃል የነዳጅ ማከማቻ ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጥር 1 ቀን 2024 የካራባኽ አስተዳደር በይፋ ፈረሰ።

በ1990ዎቹ ተፈናቅለው የነበሩ አዘርባጃናውያን ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በኋላ መመለስ ጀመሩ። ከተሞቻቸው ፈርሰው፣ መሬቱ በፈንጂ ተሞልቶ ነው ያገኙት። ለእነሱ ይህ ፍትሕ ነው። ለአርመኖቹ ከአገር መነቀል ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱን እውነት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ 26 ዓመት ነበረ፤ በፍሪጅ አለቀ።

*

ትልቁ ጎረቤትስ ምን አተረፈ?

ሰላም አስከባሪዎቹ እስከ ኅዳር 2025 ይቆያሉ ተብለው ሰኔ 2024 ላይ ጨርሰው ወጡ። የሚጠበቅ ሰው አልነበረማ። አርሜኒያ በ2024 በጋራ መከላከያው ድርጅት ውስጥ ያላትን ተሳትፎ አገደች። ታኅሣሥ 2024 የአዘርባጃን የመንገደኞች አውሮፕላን አክታው አካባቢ ተከስክሶ 38 ሰው ሲሞት አሊየቭ በግልጽ ሩሲያን ከሰሱ። ነሐሴ 2025 አሊየቭና የአርሜኒያው ጠቅላይ ሚኒስትር ፓሺንያን እጅ ለእጅ የተጨባበጡት ሞስኮ ላይ አይደለም፤ ዋሽንግተን ላይ ነው። ናኺቼቫን የሚወስደው መንገድም፣ በ2020 ለሩሲያ ድንበር ጠባቂ የተሰጠው ማለት ነው፣ አሁን አሜሪካ እጇን ያስገባችበት ፕሮጀክት ሆኗል። የአዲስ ባለ ሶኬት ነገር ወደፊት የምናየው ይሆናል።

የሩሲያ ጉልበት የነበረው ሁለቱ በመጣላታቸው ውስጥ ነበር። ጠቡ በአንዱ አሸናፊነት ሲያልቅ አሸናፊው አላስፈለገችውም፤ ተሸናፊው አላመናትም።

ይህ የካራባኽ ብቻ ታሪክ እንዳይመስላችሁ ሌላ አንድ ልጨምርና ልጨርስ። ሞልዶቫ ውስጥ ትራንስኒስትሪያ የምትባል ተገንጣይ ግዛት አለች፤ ከ1992 ጀምሮ የሩሲያ ወታደሮች አሉባት። ፋብሪካዋም ማሞቂያዋም የሚሠራው ከሩሲያ በሚመጣ ጋዝ ነበር፤ ሒሳቡን ደግሞ አትከፍልም። ጥር 1 ቀን 2025 ጋዙ ቆመ። በክረምት፣ በዚያ ብርድ፣ ሰው ቤቱ ማሞቂያ አጥቶ እንጨት ፍለጋ ወጣ። እዚህ ጋ ምሳሌ መስጠት አያስፈልገኝም፤ ሶኬቱ በቁሙ ተነቀለ።

*

እንግዲህ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ደብተራችሁ ላይ "ትልቁ ጎረቤት ገባ፣ ጉዳዩ ተዘጋ" ያለውን ሰርዙና ይህን ጻፉ።

አንደኛ፣ የቀዘቀዘ ግጭት በራሱ አይቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው አለ፤ የሚያቀዘቅዝበትም ምክንያት አለው። "ተኩስ ቆሟል" የሚል ዜና ስትሰሙ "ማን ነው ያቆመው? ለምን? እስከ መቼ ያስፈልገዋል?" ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ጠባቂ ለጠባቂነቱ ሲል አይጠብቅም። ይህ ሩሲያን ለመሳደብ አይደለም፤ ትልልቅ አገሮች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ጥፋቱ ጥቅም ያለውን ወዳጅነት ቃል ኪዳን አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ጎረቤት ሶኬቱን መያዝ የሚችለው ሁለቱ ባለቤቶች ከራሳቸው ቆጣሪ ማስገባትን ሲፈሩ ነው። መደራደር ከባድ ነው፤ በቴር ፔትሮስያን የደረሰውን አይተናል። ግን በ1997 ቀርቦ የነበረው ከባድ ድርድር በ2023 ከሆነው ሁሉ ይቀል ነበር።

ለጻፍክልኝ ልጅ፦ ስምህን አልጠራም፤ ራስህን ታውቀዋለህ። ክፍል ውስጥም ከኋላ ወንበር ተቀምጠህ "ቲቸር እሱ ግን..." የምትል ልጅ ነበርክ። ያኔ አንዳንድ ጊዜ ሰዓት አልቆብኝ ዝም አሰኝቼህ ይሆናል። ጥያቄህ ልክ ነበር፤ የእኔ መልስ ነው ስህተቱ። አመሰግናለሁ።

የተሳሳትኩት ነገር ካለ ኮሜንት ላይ አርሙኝ፤ አልቀየምም። ዘር ቆጥሮ ለሚሳደብ ግን እንደ ድሮው ነው፦ ከክፍል ይወጣል። 

ሰላም እደሩ።